የባለጋሪው እግር

አባባ ገበየሁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳንግላ ላይ ጋሪ ነድተው ስንቱን ሰው ከእግር መንገድ ያሳረፉ ናቸው። ፈረሳቸውን ከሸጡ ወዲህ ግን ጉልበታቸው ተሳስሮ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚሄዱት በባጃጅ ሆኗል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ የባጃጁ ጎማ ተነፈሰና ኳስ ሜዳው ዳር ወረዱ። ሜዳው ላይ ወጣቱም እናቶችም በሙዚቃ ስፖርት ይሠራሉ። የምታሠራቸው የጎረቤታቸው ልጅ፣ መምህርት ሰርክአዲስ፣ አይታቸው ሮጣ መጣች።

«እንደምን አደሩ አባባ? ይግቡና አብረን እንሥራ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በሽማግሌ አትቀልጂ ልጄ፤ እኔ ፌንጣ ነኝ የምዘለው?»

«መዝለሉ ለወጣቶቹ ነው። ለእርስዎ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ይበቃል።»

«ቁጭ ብድግማ ልጅ ሲያጠፋ የሚቀጣበት ነው! እኔ ምን አጠፋሁ?»

እናቶቹ ሳቁ። አባባ ገበየሁ ግን ኮስተር አሉ።

«ስሚኝ፤ የተከበረ ሰው ተሳፍሮ ይሄዳል እንጂ በእግሩ አይኳትንም። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው።»

«እውነትዎን ነው። ግን እትዬ ውብአየሁን ካዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

ውብአየሁ፣ እናታቸው ስትሞት አባባ ገበየሁን አዝለው ያሳደጉ ታላቅ እህታቸው ናቸው። የሚኖሩት ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ፣ መኪናም ጋሪም የማይወጣው ዳገት ላይ ነው። ከተያዩ አራት ዓመት ሊሆን ነው። ሲደውሉላቸው ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ «ማነው? ገበየሁ ነህ?» ይሉና ድምፃቸው ይጠፋል። በዚያ ቀን ለአባባ ገበየሁ ምሳ አይበላላቸውም።

«ያን ዳገት እኔ እወጣዋለሁ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ያንቀሳቅሱት አለኝ። እኔ ቅባት ገዛሁ።»

«ፈረስዎ ወር ሙሉ ታስሮ ቢከርም ጋሪ ይጎትት ነበር?»

«ኧረ! እሱማ እግሩ ይያዛል። ለዚህ አይደል ጠዋት ጠዋት አውጥቼ…» አሉና አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ጉልበታቸውን አዩት።

በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ተነሥተው ሲቀመጡ ላብ አጠመቃቸው። በሁለተኛው ወር ባጃጁን ተዉት። ስፖርት የከተማ ልጅ ፋሽን ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን የታሰረን ጉልበት ይፈታል፣ እንቅልፍ ይመልሳል፣ ቤት ውስጥ ብቻውን የዋለን ሰው ከሰው ይቀላቅላል። ከሁሉ በላይ የናፈቁት ሰው ደጃፍ ድረስ ያደርሳል።

ጥር ላይ አባባ ገበየሁ እስከ ዳገቱ ሥር በመኪና ሄደው፣ ዳገቱን ሰባት ጊዜ እያረፉ ወጡት። ውብአየሁ ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ገበየሁ? ማን አመጣህ?»

«ብቻዬን መጣሁ እትዬ።»

ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ውብአየሁ ማዶ ወደሚታየው ቤተ ክርስቲያን እያዩ፣ «የእናታችንን መቃብር ካየሁ ሁለት ክረምት አለፈኝ፤ እግሬ እምቢ አለ» አሉ።

አባባ ገበየሁ እንባቸውን ጠረጉና የእህታቸውን ሁለት እጅ ያዙ።

«በይ ተነሺ። ጎሽ፤ ተቀመጪ። እንደገና።»

«አበድህ እንዴ አንተ ሽማግሌ?»

«ለፋሲካ አብረን መቃብሩ ድረስ እንሄዳለን። ተነሺ።»

ውብአየሁ ማዶውን ደግመው አዩ። ከዚያ የወንድማቸውን እጅ ጠበቅ አድርገው ተነሡና፣ «ሁለት» ብለው ራሳቸው ቆጠሩ።