የእኔ ቢላዋ እና የብርቱካን ሃያ ችግኝ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሳይንስ ማለት ከሰሌዳ ላይ የሚገለበጥ ነገር ነበር። መምህሩ ቅጠል ይስላል፣ እኛም ቅጠሉን እንስላለን፣ እውነተኛው ቅጠል ደግሞ በመስኮቱ በኩል ቆሟል፣ ዞር ብሎ እሱን ያየ ልጅ ይቆነጠጣል። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ስገለብጥ ቆይቼ አቆምኩ፣ እና ልጆች ወለድኩ፣ እነሱም ሲገለብጡ አየሁ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው እዚሁ ከወናጎ ከፍ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ነው፣ ሞባይል ገና አንድ ሁለት ሰው እጅ በገባበት ሰሞን። እንሰታችን ይሞት ጀመር። እንሰት ሲሞት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ከተማ ያደጋችሁት አታውቁትም። አምስት ስድስት ዓመት ያሳደግከው ምግብህ ነው። መጀመሪያ መሃል ያለው ቅጠል ይጠወልጋል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆንና ይታጠፋል፣ ግንዱን ስትቆርጠው ዝልግልግ ያለ ቢጫ ነገር ያወጣል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቆጮ አይወጣውም።

ታዲያ ሁሉም ሰው የራሱ ምክንያት ነበረው። አንዱ ፀሐዩ ነው ይላል፣ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሰው ዓይን ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ ሥሩን የሚበላው ፍልፈል ነው ባይ ነበርኩ። የእኔ ቃል ይሰማ ነበር፣ ለምን ብትሉ፣ እንሰት በማጽዳትና ቅጠል በመቁረጥ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሰው ሲታመም፣ ሴት ብቻዋን ስትቀር፣ በየነን ጥሩት ነው። እና ቢላዋዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ የጠወለገውን ከዚህ እቆርጣለሁ፣ ደህናውን ከዚያ አስተካክላለሁ፣ መርቀው ያበሉኛል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት።

በዚያ ዓመት ሰናይት የምትባል መምህርት ከዲላ መጣችልን፣ ለሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ልታስተምር። ወላጆችን ሰብስባ መጽሐፉ ሙከራ ሥሩ እንደሚል፣ ትምህርት ቤቱ ግን ቤተ ሙከራ እንደሌለው ነገረችን። እኔ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበርኩ ለወረዳው ደብዳቤ እንጽፋለን አልኩ፣ ሁልጊዜ የምለው እሱን ነበር። ታዲያ ዘነበች ተነሳች። ዘነበች ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ጎረቤታችን ናት።

"መምህር፣ የሚያስፈልግሽ ቤቱ ነው ወይስ ሙከራው?" አለቻት።

ሰናይት ሳቀችና "ሙከራው ነው" አለች።

"እንግዲያው መሬት እኛ እንስጣችሁ። ልጆቹ እንሰታችን ለምን እንደሚሞት ይሞክሩልን።"

ሁሉም ተስማማ። ከማንም ማሳ ራቅ ያለ ድንጋያማ ቦታ ሰጠን፣ አባቶች ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን፣ ከሃያ ቤት ሃያ ደህና ችግኝ ወጣ። እኔም ችግኝ ሰጥቻለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሆዴ እስቅ ነበር። እኔ ያላወቅኩትን ልጆች ከየት ያውቁታል እያልኩ።

ልጆቹ መጀመሪያ ደብተር ይዘው የእንሰቱን ነገር እየጠየቁ ቤት ለቤት ዞሩ። እኛ ቤት የመጣችው ብርቱካን ነበረች፣ የሌላ ጎረቤታችን ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ ግን የያዘችውን አትለቅም። ፍልፈል መሆኑን በምን አወቁ አለችኝ። ጉድጓዱን አይቼ አልኳት። ጉድጓድ የሌለበት እንሰትም ሞቷል እኮ አባባ አለችኝ። አንቺ ጻፊ እንጂ አትከራከሪ አልኳት። ታዲያ ባለቤቴ ኋላ ደብተሩን ስታይ ምን ተጽፎ አገኘች? "አባባ በየነ አትከራከሪ ብለዋል።" እሱንም ጽፋዋለች።

ከሳምንት በኋላ ከመምህርቷ ጋር መጥታ "አባባ፣ ለሙከራው ቅጠል እርስዎ ይቁረጡልን፣ ቆራጩ አንድ እጅ መሆን አለበት" አለችኝ። ቢላዋዎንም እንዳያጥቡት አለች። እኔ ኮራሁ፣ ሰማችሁ? የሚያውቅ ሰው ፈልገው ነው ብዬ ኮራሁ። ሄድኩ። አንድ የታመመ እንሰት ግንድ አምጥተው ቦዩ ውስጥ አስቀምጠዋል። በአንደኛው መስመር ላሉት አሥር ችግኞች ቢላዋውን በታመመው ግንድ ላይ አሳልፌ ከየችግኙ አንድ አንድ ቅጠል ቆረጥኩ። በሁለተኛው መስመርም እንደዚያው፣ ግን በታመመው ላይ ካሳለፍኩ በኋላ ቢላዋውን እሳት ውስጥ ከተው ያግሉታል፣ ሲበርድ እቆርጣለሁ። አሥር ጊዜ ማጋል፣ አሥር ጊዜ ማቀዝቀዝ። ላቤ ጠብ እስኪል ድረስ እንደ ተማሪ አሠሩኝ። ከዚያ ልጆቹ ተራ ገብተው በየቀኑ እያዩ ይጽፋሉ።

አንድ ወር አለፈ፣ ትንሽም ጨመረ፣ እና ብርቱካን መጥታ ጠራችኝ። ይምጡ ብቻ አለችኝ። ሄጄ አየሁ። እሳት የነካው ቢላዋ የቆረጣቸው አሥሩም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከመጀመሪያው መስመር ግን ዘጠኙ ጠውልገው ተኝተዋል። መሬቱ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ እጁ የእኔ።

ፍልፈሉ በአንዱ መስመር ብቻ ሄዶ ይሆን ብዬ ልቀልድ ነበር። ግን የሄድኩባቸው ቤቶች አንድ በአንድ መጡብኝ። የዘነበች ጓሮ ትዝ አለኝ። ባሏ እንደሞተ ሰሞን በነፃ ያጸዳሁላት ጓሮ ነው፣ ግማሹ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጭ አልኩ። ብርቱካንም አጠገቤ ቁጭ አለች። አስቀድመሽ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ብዙ የሞተው እርስዎ በቆረጡበት ቤት መሆኑን ከደብተሩ አይቼ ጠርጥሬ ነበር፣ ግን ሳይሞከር ስምዎን ማንሳት አልፈለግኩም አለችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው እንግዲህ።

በቀጥታ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ቆሜ "እንሰትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

በመጨረሻ "ያን ቀን ዶሮ አርጄልህ ነበር" አለችኝ።

"አዎ፣ አርደሽልኝ ነበር።"

"ዛሬ ጎመን ነው የምትበላው። የታመሙትን ነቅለህ ትቀብርልኛለህ፣ በምትካቸውም ችግኝ ታመጣልኛለህ።"

ሦስት ቀን ቆፈርኩላት። ጎመኑንም በላሁ። ችግኙን ከራሴ ጓሮ አምጥቼ ተከልኩላት።

ቀጥሎ ያለው ለሶንጎ መንገር ነበር፣ ሶንጎ የሽማግሌዎቻችን ሸንጎ ነው፣ ታውቃላችሁ። ብርቱካንን ይዣት ሄድኩ። ታዲያ አንድ ትልቅ ሰው ተነሱና በዚህ ሸንጎ ልጅ ተናግራ አታውቅም አሉ። እኔም "እንግዲያው እኔ እናገራለሁ፣ ስሳሳት እሷ ታርመኛለች" አልኳቸው። በማረም ላይ የወጣ ሕግ ስለሌለ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም ተናገርኩ። ወሬው እየጣመኝ ሲሄድ፣ ያልጋለው ቢላዋ የነካቸው አሥሩም ታመሙ አልኩ።

ከኋላዬ ያቺ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ "ዘጠኙ ናቸው" አለች።

አንዷስ ብለው ጠየቋት፣ እሷን ራሷን። አንዷ ደህና ናት አለች። ለምን ደህና ሆነች ሲሏት "አላውቅም" አለች። እንዲህ ብላ ቁጭ አለች። እኔ በዚያ ሸንጎ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ፣ አላውቅም ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኚያ ትልቅ ሰው ተነስተው ይህች ልጅ አትዋሽም፣ ያለችው ይደረግ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲያልፍ ቢላዋውን እንዲያግል፣ ብረቱንም ለጎረቤት ሳያግል እንዳያውስ ተወሰነ። በሽታው ጨርሶ ጠፋ አልልም፣ ብርቱካን ብትሰማ ታርመኛለች፣ ግን ቀነሰ። ጓሮዎቻችን ተመለሱ።

ከልጆቹ ቦታ ግን በሽታው እንዳይወጣ ብለን የመጀመሪያውን መስመር በሙሉ ነቅለን ቀበርነው፣ ደህናዋንም ጭምር። ብርቱካን እንድትቆይላት ለምና ነበር፣ ኋላ አደጋ መሆኑን ራሷ አምና እሺ አለች፣ አፈሩን ስንመልስ ግን አለቀሰች። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተክል ተምራ እዚያው ትሠራለች። ለበዓል ስትመጣ የእኔን ጤና ጠይቃ ሳትጨርስ ስለዚያች አንዲት ችግኝ ታነሳለች። ከየትኛው ቤት ነው የመጣችው፣ ዘሯ ምን ነበር፣ የተገኘችባት እናት እንሰትስ አሁን አለች ወይ እያለች። እኛ በዘጠኙ እንሰታችንን አዳንን፣ ተመስገን ብለን ተቀመጥን። እሷ ግን አልተቀመጠችም። የተማረ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

"እሺ አባባ፣ እውነት ያቺ አንዷ ለምን አልታመመችም?"

እኔን ነው የምትጠይቀኝ፣ ልጄ? እኔማ ከጠየቅከኝ ፍልፈል ነው የምልህ።