አንገትጌ ላይ የሚጠለፍ ስም

«ሙቀቱ ዛሬስ! እስቲ መስኮቱን ገፋ አድርጊልኝ እቴ… እንዲያ፣ በቃ፣ ነፋሱ እንዳይመታው። አየሽው አተኛኘቱን? ጠግቦ ነው። አፍንጫው የአባቱ ነው አይደል? ጆሮው ግን የኔ ነው። ወደፊት ብዙ የሚሰማው ነገር አለና፣ በጆሮ እንኳ እኔን ይምሰል…»

የልብስ ሰፊዋ ምራት ይህን የምትለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ለፀጉር ሠሪዋ አሳልፋ ሰጥታ ነው። ፀጉር ሠሪዋ የታችኛው ቤት ጎረቤት ናት፤ አራስ ልትጠይቅ መጥታ በዚያው ትጎነጉንላታለች። ማበጠሪያዋን በጥርሷ ስለነከሰች የምትመልሰው ራሷን በመነቅነቅ ነው። አማትየዋ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ ኋላ፣ የሕፃኑን ሸሚዝ ይዛ አንገትጌው ላይ በሰማያዊ ክር ስም ትጠልፋለች። ሦስት ፊደል ነው። «ዘ» አልቋል።

በዚህ ቤት ስም የምታወጣው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ አንዴ አንገትጌ ላይ ከጠለፈችው ደግሞ ማንም ወንድ ነኝ ያለ አይነካውም። ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዳለች፤ የሦስቱም ስም ለልጆቹ የወጣ ሳይሆን ለሆነ ሰው የተላከ መልእክት ነው። ይህን የልጅ ልጅ ደግሞ «ዘገየ» ልትለው ነው። ምራቷ አምስት ዓመት ሙሉ ሳትወልድ ቆይታለቻ! ልጁ በተጠራ ቁጥር እናቱ ትስማ፣ ዕድሜ ልኳን ትስማ ነው ነገሩ። የልጁ አባት መካኒኩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከጋራዥ ወጥቶ ስሙን ተቀብሎ መዝገብ ቤት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማን ይፍቀዋል? ምራቷ ትናንት ስሙን ስትሰማ ማድ ቤት ገብታ አልቅሳ ወጥታለች። ዛሬ ግን ፊቷ ላይ ፈገግታ ብቻ ነው ያለው፣ ልብስ ሰፊዋም ይህን ፈገግታ ጨርሶ አልወደደችውም።

«ስሙን ልትጠይቂኝ ነው መሰለኝ… ማበጠሪያሽን አታውጪ፣ በዓይንሽ ገባኝ። ዘገየ ይባላል። አያቱ ናቸው የመረጡለት። አቤት ስም! ሌላው ሰው ወንድ ልጅ ሲወለድለት ምን ያደርጋል? “ግርማ” ይላል፣ ሲገባ ሲወጣ ሞገስ ይኑረው ብሎ። “ታረቀኝ” ይላል፣ ያኮረፈው አምላክ ፊቱን መልሶለት። “ምትኩ” ይላል፣ የሞተበትን አስቦ። ሁሉም የሚጨነቀው ለልጁ ነው… ሞኝነት አይደል? ብልህ ሰው ስም ሲያወጣ ልጁን አያይም፤ ልጁ ምን ያደርግለታል፣ ገና አልጋ የሚያረጥብ! ብልህ ሰው አጥሩን ተሻግሮ ነው የሚያይ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ… አንዳንድ ቤት ሲደርስ ግን መልአኩም ወረፋ ይጠብቃል።»

መርፌዋ ጨርቁ ላይ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ አፏን ልትከፍት አለችና መልሳ ገጠመችው። አሽሙር ሕግ አለው፤ «እኔን ነው?» ብሎ የጠየቀ በገዛ ጣቱ ራሱን ጠቆመ። እሷ ራሷ በዚህ ሕግ የስንቱን አፍ ስታዘጋ ኖራለች! ዛሬ ተራው ዞሮ እሷ ላይ ቢደርስ ምን ትበል? ጥርሷን ነክሳ «ገ»ን ጀመረች።

«በልጅነቴ እኛ ሰፈር አንዲት እናት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና… ኧረ አፌን ቁርጥ ያድርገው፣ አልሞቱም እኮ! ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ይሠራሉ። ታዲያ የበኩር ልጃቸውን “ይበልጣል” አሉት። ከማን? ከጎረቤት ልጅ ነዋ! የጎረቤትየዋ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ቆሞ ሄደ ተብሎ ሲወራ ሰምተው። ይበልጣል ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ዳኸ፤ እናቱ ግን በአጥሩ ላይ “ይበልጣል! ኧረ ይበልጣል!” እያሉ ይጣራሉ። እንዲህ ያለ እምነት የት ይገኛል? ሁለተኛውን “ይስማው” አሉት። የሚሰማው ማን መሰለሽ? ወንድማቸው! በአባታቸው ቁም ሳጥን ተጣልተው። ወንድምየው ለካ ልጁ ሳይወለድ አገር ለቆ ሄዷል። ስንት ዓመት ሙሉ ተጮኸ፣ የሰማው የሰፈር ሰው ብቻ! ልጁም ስሙ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ቢጠሩት ዞር አይልም። ሦስተኛውን ደግሞ “ተሻለ” አሉት… ታላላቆቹ “ከማን?” እያሉ እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ።»

ፀጉር ሠሪዋ በሳቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ማበጠሪያው ከጥርሷ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ልብስ ሰፊዋ ግን ላብ አጠመቃት። የልጆቿ ስም እነዚህ አይደሉም፣ እውነት ነው፤ ባርኔጣ ቀይረው የገቡ የራሷ ልጆች ናቸው እንጂ ሌላ አይደሉም። የቁም ሳጥኑንስ ነገር ማን ነገራት? ልጄ ነው፣ ይኸ አፈ ሰፊ! ቁም ሳጥኑ ይኸው ከኋላዋ ተገትሮ አለ፤ ፀጉር ሠሪዋ ቀና ካለች ታየዋለች። ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ጎትታ በጀርባዋ ከለለችው።

«የኛው ስም ግን ይበልጣል… ማለቴ፣ ከሁሉም ይበልጣል። ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ አስተማሪው “ዘገየ!” ይላል፣ እሱም “ኧረ በሰዓቱ ነው የመጣሁት!” እያለ ይምላል። ሥራ ፈልጎ ማመልከቻ ሲያስገባ አለቃው ገና ስሙን አይቶ ሰዓቱን ይመለከታል። ሚስት ሊያገባ ሲል የልጅቷ አባት “ምን ሆነህ ነው?” ይሉታል፣ እሱም “እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት” ብሎ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ማን ያስብለታል? አያት! አያት ሩቅ ነው የሚያስበው። እኔማ ስሙን ስሰማ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ… ከደስታ ነዋ፣ ሌላ ከምን ይሆናል?»

«ገ» አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ትንሽ ደስ አላት፤ እንባ ካለ መልእክቱ ደርሷል ማለት ነው። ክሩን በምራቋ አርጥባ አሾለችና «የ»ን ያዘች።

«ደግሞ ግጥምጥሞሹ! ፋርማሲ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። እሷም እንደኔው አምስት ዓመት ቆየች። አማቷ እንዴት ያሉ ሩኅሩኅ ናቸው መሰለሽ! “መሬቱ ጭንጫ ከሆነ ዘሪው ምን ያድርግ” እያሉ በሰው ፊት ያጽናኗት ነበር። በኋላ ባልና ሚስት ተያይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ መሬቱን መረመረ፤ “ለም ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለትም” አለ። ከዚያ ዘሪውን መረመረ…

«…ለዘሪው ክኒን ታዘዘለት። ቢጫ ክኒን፣ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ፣ ሁለት ዓመት። ጓደኛዬ ምን አደረገች? ባሏ አሳዘናት። “ለጨጓራዬ ነው በላቸው፤ ስድቡን እኔ እችለዋለሁ” አለችው። ቻለችው! አማትየው ደግሞ የልጄ ጨጓራ ብለው ቃሪያ የሚባል ነገር በቤቱ እንዳይደርስ አደረጉ። ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ውሃ ቀድተው፣ ራሳቸው ክኒኑን በእጃቸው ይዘው፣ “ዋጥ የኔ ጌታ፣ ዋጥ” ይሉታል። እንዲህ ነው እናት! አንቺ ስንት ቤት ትገቢያለሽ፣ የልጅ ልጇን በብርጭቆ ውሃ ያመጣች አያት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት ለልጇ የምታቀብለው ክኒን ትዝ አላት። ቢጫ ክኒን! ቃሪያ የሌለበት ምግብ አልዋጥ እያላት ሁለት ዓመት የኖረችው ለዚህ ኖሯል? ልጇ ብርጭቆውን ሲቀበላት ለምን አቀርቅሮ እንደሚጠጣ አሁን ገና ገባት። አፈረች፣ እውነተኛ ሐፍረት፤ በምራቷ ፊት ብቻ ሳይሆን በራሷ ፊት። ጭንጫ ያለውን አፏን ልትይዘው ፈለገች። ከሁሉ የባሰው ግን ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን ከጥርሷ አውጥታ፣ አንዴ ሕፃኑን አንዴ መስኮቱ ሥር ያለችውን አያቱን ማየት መጀመሯ ነው። እሷ ከገባት ከተማው ሁሉ ገባው ማለት ነው፣ ልጄ ደግሞ በዚህ ሰፈር አንገቱን ደፍቶ ሊሄድ ነው!

በሩ ተንኳኳና መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ፤ የመዝገብ ቤቱ ቅጽ በኪሱ ነው። እናቱ ቀና ብላ አላየችውም። ትንሿን መቀስ አንስታ የ«የ»ን ክር በጠሰች፣ ቀጥላ «ገ»ን መተርተር ጀመረች። ምራቷ ይህን በዓይኗ ጥግ አየች፣ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይም ተነሣላት። ግን ማድ ቤት ገብታ ያለቀሰች ሴት እዚህ ላይ መች ታቆማለች?

«የጓደኛዬ አማት ለልጁ የመረጡት ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው የኛው ስም! ጓደኛዬም ይቀየር አላለች፣ እኔም አልል፤ ምን ቆርጦኝ! ስም የታላቅ ነው። እኚያን ሴት ባሰብኳቸው ቁጥር ግን እመርቃቸዋለሁ፣ አንቺም አሜን በይ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። እጃቸው አይዛል፣ ዓይናቸው አይፍዘዝ። የልጅ ልጃቸውን በዚያ በሚያምር ስሙ፣ በአደባባይ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለመጥራት ያብቃቸው… “ማን ነው የዘገየው?” ብሎ የሚጠይቃቸው እንግዳም ከቤታቸው አይታጣ።»