በቅጽበት የሚከፈተው ገጽ

«ዛሬ አየሩ እንዴት ደስ ይላል... ወንበርሽን ቀየሩልሽ እንዴ? ጥሩ አድርገዋል። ከምሳ በኋላ ብዙ መቀመጥሽ አይቀርም።»

የክሊኒኩን ድረ ገጽ የምትሠራው ሴት ለካርድ ክፍሏ ጓደኛዋ ይህን ስትል፣ ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ የአለቃዋ የኮምፒውተር ቁልፎች ይንጣጣሉ። ዓይን አፋር ናት፤ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ አታውቅም። ዛሬ ግን የመስታወቱን በር ገርበብ አድርጋ ትታዋለች።

«የኔ እህት፣ እንዲያው ስለ አንድ ጎበዝ ሰው ላጫውትሽ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? ሕመምተኛ ተራውን የሚያይበትን ገጽ በስምንት ወር እንደ አዲስ ሠራው። የኔዋን አሮጌ ታስታውሻለሽ አይደል... ስም፣ ቁጥር፣ ሰዓት፣ በቃ። በአንድ ሳምንት የተሠራች ምስኪን። የሱ እንደዚያ መሰለሽ? አንዲት ቁጥር ለማሳየት ሁለት ሺህ ሰው የጻፈው ኮድ ተጠርቶ ይመጣል። እስኪሰበሰብ ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች... ይኼ ዕውቀት ካልሆነ ምን ይባላል? ገጽ የሚከፈትባቸው ብራውዘሮችም ውስጣቸው ያለው ሞተር በየወሩ እየተወሳሰበ ነው፤ የሱ ገጽ ደግሞ ብራውዘሩ የዘንድሮው ካልሆነ አላውቅህም ይላል። ኩሩ ነው፣ ልክ እንደ... እንደ ማንኛውም ጥሩ ሥራ ማለቴ ነው።

የሰው ስልክ ግን አሮጌ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስንቱ ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጦ ተራው አለፈው? እኔ ደግሞ... ማፈሬን ታውቂያለሽ፣ ፊት ለፊት መናገር አልሆነልኝም። አሮጌዋን ሳላጠፋት ቀረሁ። አዲሱ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ ወደሷ እንዲሄድ ሁለት መስመር ኮድ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ሞላው፤ ለሰው ስናገር የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ከአሥር ሰው ሰባቱ የሚገባው እሷ ጋ ነው። በገጹ ፍጥነት የተሸለመው ሰው ታዲያ... እንኳን ተሸለመ፣ ሽልማት ያምርበታል።»

ቁልፎቹ መንጣጣታቸውን አቆሙ።

«እናቱ ትናንት መጥተው ነበር። "የልጄ ገጽ እኮ ጣቴን ሳላነሳ ይከፈታል" እያሉ ስልካቸውን አሳዩኝ። አየሁት፤ የኔዋ ናት። ምን ልበላቸው? የእናት ደስታ ይነካል እንዴ? "የተባረከ ልጅ ነው" አልኩና ስልኩን በሁለት እጄ መለስኩላቸው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አሮጌዋ ያለችበት ሰርቨር "ማንም አይጠቀምበትም" ተብሎ በሱ ትእዛዝ ይጠፋል። እሱ ካለ ልክ ነው፤ ሳያጣራ መቼም አይናገርም። አንቺ ብቻ ውኃሽን አጠገብሽ አድርጊ... ሰባቱም የሚደውሉት ወዳንቺ ነው። ነገ ጠዋት አንደኛ ተራ የእናቱ ነው መሰለኝ፤ የዓይናቸው ቀጠሮ። ስልካቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ እንግዲህ። እስከ ምሳ ገና ሁለት ሰዓት አለ፤ ጎበዝ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ስንት ነገር ያስባል...

ብቻ ይባረክ። ዕድሜውን እንደ ኮዱ ያርዝምለት። ሕመም የሚባል አይንካው። ምናልባት አርጅቶ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ አሮጌ ስልክ ይዞ ሐኪም ቢያስፈልገው ደግሞ... ተራውን በራሱ ገጽ የሚያይ ያድርገው።»