ልብስ የለበሰው ኮምፒውተር

ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴን አገኘኋቸው። አርባ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰላምታዬን የሰሙት ሁለቴ ደግሜ ነው፤ ጆሯቸው ከዓመት ወዲህ እየደከመ ሄዷል። ሐኪሙ ጆሯቸው ጨርሶ ሳይዘጋ የሰው ከንፈር እያዩ ንግግር መለየት እንዲማሩ መክሯቸዋል። ትምህርቱ በቪዲዮ ስለሆነ ዕቃውን ቀስ በቀስ ገዝተው በገዛ እጃቸው ኮምፒውተር ገጣጠሙ። ኮምፒውተሩ ግን ቪዲዮውን ይቆራርጠዋል። የቪዲዮው አስተማሪ አፏን ከፍታ ቀጥ ትላለች፤ እንደገና ስትንቀሳቀስ ቃሉ አልፏል።

«ዛሬ ሚሞሪውንም፣ ዲስኩንም፣ ገመዱንም ለወጥኳቸው» አሉኝ። ያው ነው፣ ይቆራረጣል። ተስፋ ሊቆርጡ ምንም አልቀራቸውም። ተከትያቸው ገባሁ።

ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የምታስተምረው የእህታቸው ልጅ ተቀምጣለች፤ ባለቤታቸው መስኮቱ አጠገብ ጥልፍ ይዘዋል። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ሥር ቆሟል፤ እኚሁ ሴት የጠለፉለት ባለ ገበር ልብስ እስከ እግሩ ወርዷል። በዚያ ቤት ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ልብስ አለው።

ልጅቷ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከለወጡ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ በምን እንደሚያውቁ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ቅር አላቸው።

«እኔ ዕቃ የምመረምረው በጆሮዬ ነው፣ ልጄ። ሬዲዮ ሲያጉረመርም ሳልከፍተው የቱ ጋ እንደታመመ እነግርሻለሁ። ይሄ ጤነኛ ነው፤ ድምፅ እንኳ የለውም።»

ልጅቷ ቀና ብላ ተመለከተችኝ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ከገባሁ ጀምሮ የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ፋን እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር።

«አጎቴ» አለች ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ «እየጮኸ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ከተገጣጠመ ጀምሮ ይጮሃል» አሉ ባለቤታቸው። «አንተም እየሰማህ የቻልከው መስሎኝ።»

እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። ልጅቷ ግን ለማዘን ጊዜ አላጠፋችም፤ የሙቀቱን ቁጥር ስክሪኑ ላይ አወጣችላቸው፤ ዘጠና ስምንት ዲግሪ። ዕቃው ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማትረፍ ሥራውን እንደሚያቀዘቅዝ፣ ቪዲዮው የሚቆራረጠውም በዚህ እንደሆነ አስረዳቻቸው። «ጆሮ ያመለጠውን ቁጥሩ ይነግርዎታል። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ» ብላ ልብሱን አመለከተች።

«አቧራውስ?» አሉ ሽማግሌው።

«አቧራውን በሳምንት አንዴ ይጠርጉታል። ሲጠፋ ይልበስ፣ ሲሠራ ይራቆት።»

«ዕቃው እስኪሟላ ሁለት ወር ሙሉ የጠለፈችው ነው እኮ» አሉ ባለቤታቸውን እያዩ፣ ቀስ ብለው። ለካ የሚከራከሩት ለአቧራው አልነበረም።

ባለቤታቸው ተነሥተው ልብሱን ራሳቸው ገፈፉት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቁጥሩ ስድሳ አንድ ደረሰ፤ ፋኑ ዝም አለ፤ የቪዲዮው አስተማሪም ትምህርቷን ያለ ማቋረጥ ቀጠለች። ሽማግሌው እርሳስ አንሥተው «ልብሱ ተነሣ፤ 61» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳይለኩ ሌላ አይነኩም። ያለ ጥፋቱ የተነቀለው ዲስክም ወደ ቦታው ተመልሷል። እኔም ቤቴ ገብቼ የቴሌቪዥኔን ልብስ አነሣሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ከክፍሉ ማዶ ሆነው ያለ ድምፅ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። ሁለት ጤነኛ ጆሮ ይዤ እኔ ምንም አልገባኝም። ሽማግሌው ግን ሳቁ።

«እሺ» አሉ፣ «አቧራውን ዛሬ እጠርጋለሁ።»