ሜክሲኮ ገበያ ክንዴን ጆንያ ውስጥ የከተትኩ ለት

በእኛ ጊዜ እናት ልጇን ላርስ ብላ ብትነሳ ከአማኑኤል አውቶቡስ ተራ ነው፣ ቢርቅ ቢርቅ ደብረ ብርሃን ነው። እኔ ዘነበች ግን ሜክሲኮ ሄጄ ነው ያረስኩት። አትሳቅ ከድር። የታክሲውን ሜክሲኮ አይደለም የምልህ፣ አገሩን ነው፣ አውሮፕላን ላይ ተቀምጠህ ተቀምጠህ ወገብህ የሚጠፋበትን። ትዕግስትን ታውቃት የለም፣ የመጨረሻ ልጄን፣ እዚሁ በርበሬ ተራ ጆንያ ላይ እያስተኛሁ ያሳደግኳትን? ለትምህርት ሄደች እና እዚያው የአገሩን ልጅ ሚጌልን አገባች። ደግ ልጅ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያናግረኝ። ታዲያ ስትወልድ ደወለችና «እማዬ፣ ነይልኝ» አለች። ልጅ ነይልኝ ብላ ቁጭ ይባላል? ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

የአራስ ስንቅ ይዤ ነው ታዲያ። በርበሬው ራሴ የለቀምኩት፣ ቅቤው የተነጠረ፣ የገብስ ዱቄቱ ሦስቴ የተነፋ። ኤርፖርታቸው ስደርስ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሻንጣዬን ከፍታ አንድ በአንድ እያወጣች ወሰደችው። «ለአራስ ነው የኔ እናት፣ ለአራስ ነው» እላታለሁ፣ በምን ቋንቋ ትስማኝ። ፈገግ እያለች ነው ደግሞ የምትወስደው። ባዶ እጁን አራስ ቤት የሚገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ገባሁልህ።

ልጄን ሳያት አንጀቴን በላችው። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ምግብ አልወርድ ብሏታል፣ ጡቷ ወተት እምቢ ብሎ ሕፃኗ ታለቅሳለች። አማቷ ዶኛ ሉፔ፣ ዶኛ ማለት እንደኛ እትዬ ማለት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከበቆሎ የተሠራ ጣፋጭ አጥሚት በማሰሮ ይዛ ትመጣለች። ሙያ አላት፣ አልዋሽም፣ እኔ ጥርግ አድርጌ ነው የምጠጣው። ትዕግስት ግን አንዴ ፉት ትልና ታስቀምጠዋለች። «አፈር ስሆን ትንሽ ጨምሪ» እላታለሁ። «እማዬ፣ ጣፋጭ ሰለቸኝ። የቤቴን ነው የሚያምረኝ፣ ገንፎ ነው የሚያምረኝ» ትለኛለች። የቤቷን ደግሞ ያቺ ባለ ዩኒፎርም ወስዳብኛለች። ምን ልሁን?

እና መስኮት ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። አንድ ቀን መኪና እየዞረ፣ በድምፅ ማጉያ የሴት ልጅ ድምፅ እያላዘነ ሲያልፍ ሰማሁ። «ምንድን ነው የምትለው?» አልኩ። ትዕግስት ከአልጋዋ ላይ ሆና «አሮጌ ብረት፣ አሮጌ ፍራሽ ያለው ትላለች እማዬ» አለችኝ። ቆራሌው ነዋ! እኛ ሰፈር በእግሩ የሚዞረው እዚያ በመኪና ይዞራል። ማታ ደግሞ ስኳር ድንች የሚሸጥ ጋሪ አለ፣ በእንፋሎት እንደ ባቡር ያፏጫል። ቂጣ በእጃቸው ጠቅልለው ይበላሉ፣ የቁልቋል ቅጠል እሾሁን ልጠው ይጠብሳሉ፣ ማንጎ ላይ ሚጥሚጣ የመሰለ ይነሰንሳሉ። ይኼን ሳይ ልቤ ተመለሰ። ማንጎ በሚጥሚጣ የሚበላ አገር በርበሬ አያጣም አልኩ።

በነጋታው ዶኛ ሉፔን እጇን ይዤ «ገበያ» አልኳት፣ በምልክት። ወሰደችኝ። ከድር፣ መርካቶ ነው ብዬ ልንገርህ። ተሸካሚው ጋሪ እየገፋ እየጮኸ ይመጣብሃል፣ ዞር ካላልክ አለቀልህ። እሷ መንገድ ልታሳየኝ ትጎትተኛለች፣ እኔ አፍንጫዬን ተከትዬ ቀደምኳት። ደረስኩ። ደረቅ በርበሬ በየዓይነቱ፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ረጅሙ፣ ድቡልቡሉ፣ በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል።

ዶኛ ሉፔ ወደ ደንበኛዋ ወሰደችኝ፣ ጺማም ሰውዬ። ከጆንያው አናት አንስቶ ያሳየኛል፣ ያብረቀርቃል። የጆንያን አናት እኔ አላውቀው? እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ብብቴ ከተትኩት። ሰውዬው ጮኸ። ለካ እዚያ በእጅ መንካት ነውር ነው፣ እሱ ነው የሚያነሳልህ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፣ ዶኛ ሉፔ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ኖ፣ ዘነቢታ፣ ኖ!» ትለኛለች፣ ቀሚሴን ይዛ ትጎትታለች። ገብቷል አንዴ፣ ባዶውን ይወጣል? ከሥር ዘግኜ አወጣሁና መዳፏ ላይ አደረግሁላት። እርጥብ፣ የሻገተ።

አሸተተችው። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞራ «ታታታታታ» ስትለው፣ ቃሏን ባልሰማም የመርካቶ ሴት ስታወርድ የምታወርደውን ነው ያወረደችበት። ሰውዬው ከጓዳ ሌላ ጆንያ ጎትቶ አመጣና ራሱ አፉን ከፈተልኝ፣ ግቢበት ማለቱ ነው። ገባሁበት። ደረቅ ነው፣ ጆሮህ ላይ ስትነቀንቀው ፍሬው ይንኳኳል። ያዝኩት።

ቤት ገብቼ ሳምሰው ሕንፃው ሙሉ አነጠሰ። ዶኛ ሉፔ አሁንም ጣቷን እያወዛወዘች «አራስ ቺሌ አትበላም» ትላለች፣ ቺሌ በርበሬ ነው። በነሱ ወግ አራስ የሚያቃጥል አይሰጣትም። እኔ ደግሞ በእኔ ወግ ልጄን ላርስ ነው የመጣሁት። በነሱ በቆሎ ዱቄት አገነፋሁ፣ ቅቤያቸውን አንጥሬ በርበሬውን ለወስኩ፣ መሐሉን ጎድጉጄ ሞላሁና አቀረብኩላት። ትዕግስት አንዴ ጎረሰች። ደገመች። ሳህኑን ጠረገችውና እንባዋ እየወረደ «እማዬ፣ ጨምሪልኝ» አለች። በማግስቱ ጡቷ ሞልቶ ልብሷን አረጠበው፣ ሕፃኗም ጠግባ ተኛች። እልል አልኩ፣ ጎረቤት ደንግጦ በር እስኪያንኳኳ ድረስ።

ዶኛ ሉፔ ምን አለች? ቂጣዋን ቆርሳ የተረፈውን በርበሬ ጠቅሳ ቀመሰች፣ እና የበርበሬውን ማሰሮ እንዳለ ወደ ራሷ ሳበች።

ባለፈው ታዲያ ትዕግስት ደወለችልኝ። የሚጌል እህት ወልዳ ዶኛ ሉፔ ገንፎ አገንፍታ ወሰደችላት አለችኝ። ገበያም ስትሄድ እጅጌዋን ሰብስባ ነው አሉ የምትገባው፣ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «ኢትዮጵያ መጣች» እየተባባሉ ጆንያቸውን ያገላብጣሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የእኔን እጅ እዚያ አገር ትቼው መጥቻለሁ፣ ከድር።

(እዚህ ላይ የሱቅ ጎረቤታቸው በርበሬ ነጋዴው ከድር በሳቅ አቋረጣቸው፦ «ታዲያ እትዬ ዘነበች፣ ሜክሲኮ ድረስ ሄደው ጆንያ ሲያዩ የእኔን መቼ ነው የሚያዩልኝ?»)

ያንተንማ ዛሬ ጠዋት ሳትገባ አይቼዋለሁ። የሥሩን አውጥተህ ፀሐይ አስመታው።