«ጨርሼዋለሁ» ያለችው ኪስ ፈታሽ

ጸሐፊዋ ከምሳ ስትመለስ ላውንደሪው በር ላይ ከኪስ ፈታሿ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ። ኪስ ፈታሿ፣ ልብስ ማሽን ከመግባቱ በፊት የደንበኛ ኪስ የምትፈትሽ ሴት ናት፤ ቀለበትም ይሁን ቁልፍ ያገኘችውን ሁሉ ታስረክባለች። ዛሬ ግን ሽርጧን አጣጥፋ በፌስታል ይዛለች።

«ምነው እትዬ፣ በደህና?»

«ተባረርኩ።»

«አንቺ?»

«አጎትሽ ፋይል ሲያገላብጡ የተቀጠርኩበትን ቅጽ አዩና ‹ውጪልኝ!› አሉኝ። ምን አጠፋሁ ብላቸው ፈርተውኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። እኔ እኮ እውነቱን ነው የጻፍኩት። ግዴለም! ከእንግዲህ የትም ስቀጠር ‹የለም› ብዬ ነው የምጽፈው።»

ጸሐፊዋ ክው አለች። ከመባረሯ ይልቅ ያስደነገጣት ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ሐቀኛን ሰው በግማሽ ቀን ውሸታም ማድረግ እንዲህ ቀላል ኖሯል? «እዚሁ ጠብቂኝ» ብላት ገባች።

አለቃው፣ የእናቷ ወንድም፣ ፋይሉን አቅፈው ተቀምጠዋል። ዘመኑን ሁሉ እንፋሎት ያቀላው ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ነፍሰ ገዳይ አቅፈን ኖረናል! ስምንት ወር ሙሉ ‹እንደምን አደርሽ› እያልኳት!»

«ማንን ገደለች?»

«በገዛ እጇ ጽፋዋለች፤ አንብቢው!»

ጥያቄው «ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ይላል። መልሱ፣ «አዎ፤ ጨርሼዋለሁ።»

ጸሐፊዋን መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ንዴት ያዛት። «ጋሼ፣ የጨረሰችው እኮ ፍርዱን ነው! የእስር ጊዜዋን!»

«ፍርዱን?»

«ታዲያ ማንን መሰለዎት?»

አለቃው ቅጹን ነጥቀው ደግመው አነበቡት። ሽማግሌ ግን ተሳሳትኩ ከማለት አዲስ ጥፋት መፈለግ ይቀለዋል። «ቢሆንስ! በከንቱ አልታሰረችም።»

«ልክ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከምትሠራበት ስፌት ቤት ጨርቅ ሰርቃ ነው። ስትቀጠር ነግራኛለች።»

«ሌባ?» ብድግ አሉ። «ይሄማ ባሰ! ነፍሰ ገዳይስ ከኪስ ምን ያደርጋል! ለጅብ ሥጋ አደራ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅጹ እርስዎ መደርደሪያ ላይ ስምንት ወር ተኝቷል። ጅቧም ስምንት ወር ሥጋውን አልነካችም። ፋይሉ ውስጥ ስንት ቅጽ አለ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳው ‹የለም› ይላል። የደንበኛ ሐብል ይዞ የተሰወረው ልብስ አድራሽ ምን ብሎ ነበር የጻፈው?»

አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «…የለም።»

«ያውም በሚያምር እጅ ጽሕፈት! እውነት የጻፈን ብቻ ካባረሩ የሚተርፍልዎት ማን እንደሆነ ያስቡት።»

«አመል ያወጣል ከመሐል፣ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የተቀጣ ሰው እንጀራ ሲከለከል ወዴት ይሄዳል? ወደለመደው። የሚፈሩትን ሌባ በገዛ እጅዎ እየሠሩት ነው። ደጅ ቆማ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‹ከእንግዲህ “የለም” ብዬ ነው የምጽፈው።›»

አለቃው ዳግም ደነገጡ፤ የአሁኑ ግን ጩኸት የለውም። ሰው ሌላውን ሲፈራ ይጮኻል፤ ራሱን ሲፈራ ዝም ይላል።

«ሄደች?»

«በር ላይ ናት።»

እየተጣደፉ ወጡ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እህቴ፣ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ፤ ሥራሽ ሥራሽ ነው» አሏት።

እሷም በዋዛ አልተለሳለሰችም። «በሰው ፊት አባረው በሰው ፊት መለሱኝ፤ ደግ። ነገ ሌላዋ እውነት ስትጽፍስ?»

ስለዚህ ቅጹ ተለወጠ። ከጥያቄው ሥር «ምን እንደነበረና ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠሩ ያስረዱ» የሚል ታከለበት፤ የጻፈውን ሰው ሳያነጋግሩ ማባረርም ቀረ። ቤቱ የታመነ እጅ አላጣም፤ ደንበኛም ኪሱ ውስጥ የረሳው ዕቃ ሳይጎድል ይመለስለታል። አለቃውም ከወረቀት ይልቅ ሰው ማንበብ ጀመሩ።

በሳምንቱ፣ ዘጠኝ ዓመት በካውያ ልብስ ሲተኩስ የኖረው ሠራተኛ በላብ ተጠምቆ በራቸውን አንኳኳ። «ጋሼ፣ እኔም ቅጼ ላይ የማርመው ነገር አለ።»

አለቃው ክው አሉ። ዘጠኝ ዓመት እንደ ወንድም ያዩት ሰው! እጃቸው ግን ወደ ፋይሉ አልሄደም፤ ወንበር ሳቡለት።

«ተቀመጥ» አሉት። «መጀመሪያ ከአፍህ ልስማው።»