ከፋብሪካ እንደወጣ

(ሐሙስ ረፋድ፣ ደብረ ብርሃን፤ ጡረታ የወጣው ጠበቃ አጥናፉ ያሳደሰውን የአያቱን ምንሽር ሊወስድ ወደ ልጅነት ጓደኛው ወደ ጠመንጃ አዳሹ ወደ ዘርጋው ሱቅ መጥቶ አንድ ካርድ ዘርግቶለታል፤ ዘርጋው ግን እስክሪብቶውን አልነካም ብሏል።)

አጥናፉ፦ ፈርም እንጂ ሰውዬ! ቅዳሜ የጥንት ጠመንጃ ወዳጆች ማኅበር ትርኢቱን ይከፍታል። ካርዱ ዛሬ ካልገባ ጠመንጃዬ ደጅ መቅረቱ ነው።

ዘርጋው፦ አነበብኩት እኮ። «ይህ ምንሽር አንድም ክፍሉ ሳይለወጥ ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ መሆኑን አዳሹ ያረጋግጣል።» አዳሹ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አላረጋግጥም።

አጥናፉ፦ ለምን?

ዘርጋው፦ ውሸት ስለሆነ።

አጥናፉ፦ እኔ አርባ ዓመት ፍርድ ቤት የቆምኩ ሰው ነኝ። ውሸትን ከአንተ አልማርም።

ዘርጋው፦ እሱንስ አምናለሁ።

አጥናፉ፦ ቀልድህን ለሌላ ቀን አቆየው። ምን አግኝተህበት ነው?

ዘርጋው፦ ና ወደ መስኮቱ። መነጽርህን አድርግ። እዚህ መቀርቀሪያው ላይ፣ ከእጀታው ሥር ምን ይታይሃል?

አጥናፉ፦ ሦስት ነጥብ። ከሥራቸው ግማሽ ጨረቃ። የፋብሪካው ማኅተም ነዋ!

ዘርጋው፦ የየትኛው ፋብሪካ?

አጥናፉ፦ የአውሮፓ ነው እንጂ የማን ይሆናል!

ዘርጋው፦ ይህን ምልክት ማረሻህ ላይ ያየኸው ጊዜም አውሮፓ ሠራው ብለህ ነበር? የአያቴ የውቤ ምልክት ነው አጥናፉ። በዚህ አገር እሳቸው የሠሩት ማረሻ ሁሉ አለበት። ልጅ ሳለን የቤታችሁን ማረሻ ሊሾል ተሸክመህ ስንት ጊዜ መጥተሃል!

አጥናፉ፦ ይሄ ግን ከዚህ በፊት አልነበረም! ሳመጣልህ ዝገት እንጂ ምንም አይታይም ነበር።

ዘርጋው፦ እኔማ በዘይት አሽቼ ልተወው ብዬህ ነበር። «የዚያ የማኅበራችን ሐኪም ጠመንጃ ያብለጨልጫል፤ የእኔም እንደ መስታወት ይብራ፤ አንዲት ዝገት እንዳላይ» ያልከው አንተ ነህ። ዝገቱን አነሣሁልህ፤ አያቴ ብቅ አሉ።

አጥናፉ፦ እንግዲያው መልሰህ አዝገው።

ዘርጋው፦ ምን?

አጥናፉ፦ አትቆጣ። ትናንት አንዱ ጎረምሳ አዲስ ሰደፍ ሠርተህ አሮጌ አስመስልልኝ ሲልህ በደጅህ ሳልፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዘርጋው፦ ስትሰማ ሳባርረውም ማየት ነበረብህ። ምን ነካችሁ ግን እናንተ ሰዎች? ይህን ምንሽር ሠላሳ ዓመት የበር መወርወሪያ አድርጋችሁት ኖራችሁ። እናትህ በርበሬ ሲያሰጡ ዶሮ ያባረሩበት ነበር! አሁን ፋሽን ሲሆን አንዱ አሮጌውን አዲስ አድርግልኝ ይላል፣ ሌላው አዲሱን አሮጌ አድርግልኝ ይላል። ሁሉም በአንድ ሳምንት የጀግና የልጅ ልጅ ሆኗል። ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም የለም።

አጥናፉ፦ እኔ የጀግና የልጅ ልጅ የሆንኩት በአንድ ሳምንት አይደለም። አያቴ በጠላት ዘመን የወንዙን መሻገሪያ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን የያዙት በዚህ ጠመንጃ ነው።

ዘርጋው፦ በየትኛው መቀርቀሪያ?

አጥናፉ፦ እኔ ምን አውቄ!

ዘርጋው፦ እኔ ልንገርህ። መቀርቀሪያው ተሰብሮ ጠመንጃው ዱላ ሆኖባቸው ነበር። አያቴ ከተቃጠለ የጠላት መኪና ሥር ባሌስትራ የሚባለውን ብረት ፈትተው፣ አግለው ቀጥቅጠው ሌላ ሠሩላቸው። ሰደፉንም ከወይራ ጠረቡላቸው። ወናፉን የነፋው አባቴ ነው። ሲያወራኝ የሽማግሌ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ማክሰኞ ምልክቱን ሳየው እዚችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አጥናፉ፦ ዘርጋው፣ ጥሩ ታሪክ ነው። እዚሁ ሱቅህ ውስጥ ይቀመጥ። ማኅበሩ ከሰማ ግን «የአጥናፉ ምንሽር ለካ የቀጥቃጭ ሥራ ነው» ይሉኛል።

ዘርጋው፦ ደረስንባት! ቀጥቃጭ! ልጅህ ናሁሰናይ ልጄን አስናቀችን ላግባ ሲልህ «ከቀጥቃጭ ቤት ሽማግሌ አልልክም» አልክ አሉ።

አጥናፉ፦ ዘር መጠየቅ የአገር ወግ ነው። እኔ አላመጣሁትም።

ዘርጋው፦ የአገር ወግ! ስምንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ፣ ሂሳብ ከእኔ ስትገለብጥ ዘሬን ጠይቀህ ነበር?

አጥናፉ፦ የገለበጥኩት እንኳ ግማሹ ስህተት ነበር።

ዘርጋው፦ ስትገለብጥ አበላሽተኸው ነዋ!

አጥናፉ፦ እሺ፣ እሺ። ጎረቤት ሰበሰብክብን። እንደ አዋቂ እንነጋገር። አንተ ካርዱ ላይ ትፈርማለህ፤ እኔ እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ። ሁለታችንም የምንፈልገውን አገኘን።

ዘርጋው፦ ድገመው እስቲ።

አጥናፉ፦ ትፈርማለህ፤ እልካለሁ።

ዘርጋው፦ መፍቻዬ የት ሄደ? አዎ፣ ይኸው።

አጥናፉ፦ ምን ልታደርግ ነው? ዘርጋው! ኧረ ቀስ፣ ይጫራል!

ዘርጋው፦ አይጫርም፣ እጄን ታውቀዋለህ። መቀርቀሪያ፤ የእኛ ነው፣ እዚህ ይቀራል። ሰደፍ፤ የእኛ ነው፣ ይቀራል። ቃታ... ይቺም ሦስት ነጥብ አለባት! ትቀራለች። እንካ፣ ይሄ አፈሙዝ የእናንተ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ማንም አልነካውም። በዚህ ላይ አሁኑኑ ልፈርምልህ።

አጥናፉ፦ ይሄ እኮ ቧንቧ ነው!

ዘርጋው፦ ቧንቧ ነው። በመስታወት ሣጥን አድርገህ አሳያቸው። ልጁን በፊርማ የሚሸጥ አባት ፈልገህ ከሆነ ደግሞ ሱቅ ተሳስተሃል።

አጥናፉ፦ ናሁሰናይ አሁን ቧንቧ ታቅፌ ቢያየኝ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ዘርጋው፦ ይሳቅ። የሚያስቅ ነገር ነው።

አጥናፉ፦ ሳቁን ከሰማሁ እኮ ወር አለፈኝ። ይገባል፣ ይበላል፣ ይወጣል። «አባባ» ማለት እንኳ ትቷል። እናንተ ቤት ግን ሳይስቅ አይቀርም።

ዘርጋው፦ እኛም ቤት አልሳቀም። ባለፈው እሑድ መጥቶ ነበር፤ ከሦስት ሽማግሌ ጋር።

አጥናፉ፦ ያለ እኔ?

ዘርጋው፦ ያለ አንተ። ሦስቱም የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። አንደኛው እንዲያውም ንግግሩን ከስልኩ ላይ ነው ያነበበው።

አጥናፉ፦ ምን ጉድ ነው! አንተስ ምን አልካቸው?

ዘርጋው፦ መለስኳቸው።

አጥናፉ፦ መለስካቸው? ልጄን? ልጄ ምን ጎድሎት ነው የምትመልሰው! የተማረ፣ የተቀጠረ፣ መጠጥ የማያውቅ ልጅ!

ዘርጋው፦ አባት ጎድሎት ነዋ! አባቱ እዚሁ ከተማ ቁጭ ብሎ፣ ከቢሮ ተሰብስቦ ለመጣ ሽማግሌ ልጄን ብሰጥ አገሩ አንተን ምን ይልሃል? «ልጁ አባት እያለው ያለ አባት አገባ» ትባል ነበር። አስናቀች ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። እኔም ቤቴ ውስጥ ኩርፊያ አለብኝ፣ ብቻህን እንዳይመስልህ።

አጥናፉ፦ ያን ሁሉ ተናግሬህ ሳለ... ለእኔ ስም ብለህ?

ዘርጋው፦ አትኩራ። ግማሹ ንዴት ነው።

አጥናፉ፦ እስክሪብቶውን አቀብለኝ።

ዘርጋው፦ አልፈርምም አልኩህ!

አጥናፉ፦ አንተን ማን ፈርም አለህ? ይሄን መስመር ልሰርዘው ነው። «የዚህን ምንሽር መቀርቀሪያ፣ ሰደፍና ቃታ የሠሩት አቶ ውቤ...» የአባታቸው ስም ማን ነበር?

ዘርጋው፦ ድንቁ። ውቤ ድንቁ።

አጥናፉ፦ «...አቶ ውቤ ድንቁ ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ አያቴ መሻገሪያውን ባልያዙ።» ማኅበሩ ይሄን ካልወደደ እዚያው ከሐኪሙ ጠመንጃ ጋር ያብለጭልጭ።

ዘርጋው፦ አምጣው፣ ያንን ቧንቧ። ገጣጥሜ ልስጥህ።

አጥናፉ፦ እሱ ይደርሳል። እሑድ ጠዋት ቤት ትገኛለህ?

ዘርጋው፦ ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት? ወንበር ስለማይበቃ ከጎረቤት ልዋስ።

አጥናፉ፦ ለእኔ አትዋስ። ለልመና ነው የምመጣው፤ ቁጭ በል እስክትለኝ ቆሜ እናገራለሁ።